የዘለሉት ወንዝ

«ደሙ ቆሞ ነበር ወይስ አልቆመም?» አሉ አቶ ደግፌ፣ ንፍሮውን ከመዳፋቸው ወደ አፋቸው እየጣሉ።

የጠየቁት ሻሺቱን ነው። ሻሺቱ በአንድ እጇ የሻይ ፔርሙስ፣ በሌላው ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ድንኳኑ መሀል ቆማለች። አቶ ደግፌ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ እሳቸው ሲጠይቁ ድንኳኑ በሙሉ ጆሮ ይሆናል። ጥግ ይዘው ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች እንኳን ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቀና አሉ።

«ነርሷ አይታዋለች» አለች ሻሺቱ።

«አይታ ነው የለቀቀቻቸው?»

«አዎ።»

«በሉ እንግዲህ!» አቶ ደግፌ ወደ ቀሩት ሰዎች ዞሩ። «ሰውየውን ማን እንደጨረሳቸው ሰማችሁ።»

ሻሺቱ ሻዩን መቅዳት ቀጠለች። አርብ ነው፣ ከቀብር መልስ፤ ሰው ደክሞታል፣ ጫማው ሁሉ የመቃብር አፈር ይዟል። ያለችውን ያለችው ሳታስበው ነበር፤ ሰው «እንዴት አደርክ» ሲባል ታሞም ቢሆን «ደህና» እንደሚለው። ውሸት መናገሯን ያወቀችው አምስተኛው ብርጭቆ ላይ ስትደርስ ነው። ያኔ ወሬው ከድንኳኑ ወጥቶ በረንዳው ላይ ደርሷል።

የሞቱት አማቷ ናቸው፣ የባሏ የጌታነህ አባት፣ ጋሽ ኤርጫፎ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ አርባ ምናምን ዓመት የመኪና ሸራ ሰፍተዋል። ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አይሱዙ የእሳቸውን ስፌት ሳይለብስ አይወጣም ይባል ነበር፤ ማጋነን ነው፣ ግን ብዙም አይደለም። የእድሩን ድንኳንም የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሲቀደድ የሚጥፉት፣ ሲተከል ገመዱን የሚወጥሩት፣ ሲነቀል አጥፈው የሚያስቀምጡት እሳቸው ነበሩ። የሞቱትም በዚሁ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ የጎረቤት ለቅሶ ተቀምጠው። ሁለት ዓመት ኩላሊታቸው ስለማይሠራ ደማቸው በማሽን ሲታጠብ ቆይቷል። የዚያን ቀን ከእጥበት ወጥተው በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄዱ። መርፌው የወጣበት ቦታ ቡልኳቸው ውስጥ ሲደማ ማንም አላየም። ቡልኮ ከጋቢ የወፈረ ጥጥ ነው፣ ብዙ ይጠጣል።

እድሩ፣ የዚያ ቤት ሰዎች ፈቅደው፣ ድንኳኑን ከዚያ ነቅሎ፣ ሁለት ግቢ አሻግሮ፣ ለራሳቸው ተከለው።

«ምራቲቱን አየሻት?» አለች ከመጋረጃው ወዲያ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት። «አንድ ዘለላ እንባ ጠብ አላላትም።»

«ምን ያስለቅሳታል? ተገላገለች።»

ሻሺቱ ሰማች። መቆጣት ነበረባት፤ መቆጣት እንዳለባትም ታውቃለች። ግን ከሐሙስ ጀምሮ ሁሉም ነገር የሚደርሳት በወፍራም ሸራ ውስጥ አልፎ ነው። ስሟን ሲጠሯት እንኳን ዘግይታ ነው ዞር የምትለው። የሚሰማት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች። ሥራ ሲፈቱ የሆነ ነገር ይጫናሉ። የፔርሙሱን ክዳን፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ፣ የገዛ ጉልበቷን። ተይ ስትላቸው ይተዋሉ፣ ስትረሳቸው እንደገና ይጀምራሉ።

ጣቶቹን እንዲህ ያስለመደቻቸው ዮርዳኖስ ናት፣ የእጥበት ክፍሉ ነርስ።

የመጀመሪያው ቀን ሻሺቱ አማቷን አድርሳ ውጭ ልትጠብቅ ነበር ያሰበችው። ጌታነህ ሚኒባሱን ይዞ የሶዶ መስመር ላይ ነው፤ ቢኖርም ደም ማየት አይችልም። ከአራት ሰዓት በኋላ ዮርዳኖስ በሩን ከፍታ «የጋሽ ኤርጫፎ አስታማሚ!» ብላ ተጣራች። ማሽኑ ሦስት ነው፣ ነርሷ አንድ ናት፤ መርፌ ሲወጣ ቦታውን ይዞ የሚቆየው ቤተሰብ ነው።

«እጅሽን ታጠቢና ጓንት አድርጊ» አለቻት። «ሁለት ጣትሽን ስጪኝ። እዚህ ጋ ቆዳው የተበሳበት ነው። ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ደም ስሩ የተበሳበት። ሁለቱም ላይ አሳርፊ። አጥብቀሽ ከተጫንሽ ደም ስሩ ይዘጋል፤ ያ ከተዘጋ እንደገና ቀዶ ጥገና ነው። ካላላሽ ደግሞ ይፈሳል። ንዝረቱ ከጣትሽ ስር ይሰማሽ፣ ደሙ ግን አይውጣ። ገባሽ?»

«እኔ እኮ ምራታቸው ነኝ» አለች ሻሺቱ።

«እና?»

ዮርዳኖስ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሻሺቱ ካገባች ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አማቷን በስማቸው ጠርታ አታውቅም፣ ጎናቸው ተቀምጣ አታውቅም፣ እጅ ስታስታጥባቸው እንኳን ቀና ብላ አይታቸው አታውቅም። አሁን ግራ ክንዳቸው እስከ ትከሻው ራቁቱን ትራስ ላይ ተጋድሟል። ጋሽ ኤርጫፎ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባጃጅ ውስጥ እንደተኳረፉ ሰዎች ተቀመጡ።

ከጣቶቿ ስር ግን አንድ ነገር ይነዝር ነበር። ዶክተሮች ለእጥበቱ ብለው ሁለት ደም ስር አገጣጥመው የሠሩት ነው። የስፌት መኪና ከወዲያኛው ክፍል ሲሠራ ወለሉ ላይ እንደሚሰማው ዓይነት ንዝረት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከጣቶቿ ስር ያለውን የጎዝ ጨርቅ ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየች። ደሙ ፊን ብሎ እጅጌዋ ላይ አረፈ።

«አትግለጪ!» ዮርዳኖስ ሮጣ መጣች። «ስትገልጪ የረጋው ይነሳል፣ ደቂቃው ከዜሮ ይጀምራል። ማየት የለም፣ ዝም ብሎ መያዝ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ። ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለምንሰጣቸው የእሳቸው ቶሎ አይቆምም። ስትጨርሱ ደግሞ እኔ ሳላየው እንዳትሄዱ።»

ሻሺቱ ዙሪያዋን አየች። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፣ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዋ በር ላይ።

«ሰዓት አያስፈልግሽም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ። «እኔ እቆጥርልሻለሁ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እማማ ወለቴ ከካምባ ገቡ። የጋሽ ኤርጫፎ ታናሽ እህት ናቸው፣ በልጅነታቸው ካምባ ተድረው እዚያው የቀሩ። መኪናው ሳይቆም ጀምረው ወንድማቸውን በጋሞኛ እየተጣሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ ወረዱ። ድንኳኑ አብሯቸው ተነስቶ ሌላ ዙር ተለቀሰ። ሻሺቱ ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

«አንተ ማን ነህ? ምራት ነህ?» አሏት ዓይናቸውን እየጠረጉ። እማማ ወለቴ አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ሴትን አንተ ሲሉ ግድ የላቸውም።

«አዎ፣ ሻሺቱ ነኝ።»

«የወንድሜን እጅ የያዝከው አንተ ነህ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያስታመመቻቸው እሷ ናት፣ አክስቴ» አለ ጌታነህ ከኋላ። «ሰኞና ሐሙስ፣ ሰኞና ሐሙስ። የወለዱት እኔን ነው፣ ልጅ የሆነችላቸው ግን እሷ ናት።»

እማማ ወለቴ ዓይናቸውን ከሻሺቱ ላይ አላነሱም።

«እኛ አገር ሰው ደሙ ፈሶ ከሞተ ነገር አይደበቅም» አሉ። «የተደበቀ ካለ ጎሜ ነው። ልጅ ላይ ይወርዳል።»

ከደጋ የመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። ጎሜ ነውሩም ነው፣ ቅጣቱም ነው፤ በሰው ፊት ወጥቶ ካልተነገረ ቤቱን አይለቅም። ሻሺቱ የስድስት ዓመት ልጇን ሚስጥርን አሰበች። ጎረቤት ቤት ነው ያስተኛቻት፣ ከትናንት ጀምሮ ታስላለች።

«የተደበቀ የለም» አለ ጌታነህ። «ጥፋተኛዋ ነርሷ ናት። ሰኞ ከአቶ ደግፌ ጋር ሆስፒታሉ ድረስ ሄደን እንከሳለን። ማመልከቻው ተጽፏል።» የኮቱን ኪስ መታ መታ አደረገ።

ከሰዓት ዮርዳኖስ ራሷ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከክፍሉ የጽዳት ሠራተኛ ጋር። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ስትል አሜን ያላት ሁለት ሦስት ሰው ነው። ንፍሮ የምታዞረው ሴት እሷን ትታ ቀጣዩ ወንበር ላይ ላለው ሰጠች። ሻሺቱ ሻይ ይዛላት ጎንበስ ስትል ዮርዳኖስ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ከሥራ አግደውኛል» አለች በሹክሹክታ። «ወሬው ደርሷቸው። አይተሽ ለቀቅሻቸው ተብዬ ሪፖርት ጻፊ ተብያለሁ። እኔ እኮ አላየኋቸውም፣ ሻሺቱ። የዚያኛው በሽተኛ ግፊት ወርዶ እሱ ጋ ነበርኩ፤ ዞር ስል የላችሁም። ስንት ደቂቃ ነው የያዝሽላቸው?»

«እንደ ሁልጊዜው» አለች ሻሺቱ።

ዮርዳኖስ አየቻት። ከዚያ ብርጭቆውን ሳትቀምሰው ወንበሩ ስር አስቀምጣ፣ እማማ ወለቴን ሳይቀር ተሰናብታ ሄደች። ሻሺቱ ብርጭቆውን አነሳችው። ትኩስ ነበር፤ እያቃጠላት እንደሆነ የገባት ማጠቢያው ጋ ስትደርስ ነው።

ጋሽ ኤርጫፎ የሚቆጥሩት መንገድ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ በእግር የወረዱበትን መንገድ። ከእናታቸው ጓሮ፣ ከእንሰቱ ስር ይነሳሉ። ቀርከሃው ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ሁለቱ ሐይቆች አንድ ላይ የሚታዩበት እጥፋት፣ አባያ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ። ከዚያ ወንዙ። ወንዙ ጋ ከሁሉም ቦታ ይበልጥ ይቆያሉ። ከወንዙ ጫኖ፣ ከጫኖ ሲቀላ። ሲቀላ ሲደርሱ «ደርሰናል፣ ልቀቂ» ይላሉ። መርፌው ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ መርፌ መንገዱ አንድ ጊዜ ይወረዳል። ዮርዳኖስ በስልኳ ሰዓት ይዛ ፈትናቸዋለች። አንዴ አሥራ አምስት ደቂቃ መጣ፣ አንዴ አሥራ ስድስት። ከዚያ ወርዶ አያውቅም።

ቃል አይለውጡም ነበር። በሁለተኛው ወር ሻሺቱ መንገዱን በቃሏ ይዛዋለች። በሦስተኛው ወር መስኮቱን ማየት ትታ እሳቸውን ታያለች። አንድ ቀን ድፍረቱ ከየት እንደመጣላት ሳታውቀው «ያን ሁሉ መንገድ ጫማ አልነበረዎትም?» አለቻቸው።

«ነበረኝ እንጂ» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ። «አንዱ። ሌላውን ሲቀላ ገዛሁት።»

ሳቁ። ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ ጣቷ እንዳይንሸራተት አጥብቃ ያዘች፣ እሷም ሳቀች፣ ዮርዳኖስም ከሩቅ ተቆጣቻቸው። ቤት ሲመለሱ እንደገና አማትና ምራት ይሆናሉ። እሷ ዓይኗን መሬት ትተክላለች፣ እሳቸው ውሃ ሲፈልጉ በጌታነህ በኩል ይጠይቃሉ። ሻሺቱ አባቷን አታውቃቸውም። ጋሽ ኤርጫፎን ግን ትወዳቸው ነበር። ይህንን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለምራት እንዲህ ብሎ መናገሪያ ቦታ የለም።

ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ጌታነህ ማድቤት መጥቶ ማመልከቻውን ዘረጋላት።

«ምስክር አንቺ ነሽ» አለ። «ስምሽን አስገብቼዋለሁ። እዚህ ጋ መፈረም ብቻ ነው።»

ሻሺቱ እጇን አየች። ሽንኩርት ልጣ ሸቷል።

«ነገ ልፈርም።»

«ነገማ ሰልስት ነው፣ ሻሺ።»

«ከሰልስቱ በኋላ።»

ጌታነህ ወረቀቱን አጠፈ። ከወጣ በኋላ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። «ደክሞሻል፤ አውቃለሁ። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ አባባ ሁለት ዓመት አይቆዩም ነበር» አላት። ሻሺቱ ማልቀስ ያለባት ያኔ ነበር። አልመጣላትም። ድስቱን ከደነችና ሁለት ጣቶቿን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

ሐሙስ ዕለት የሆነው ይኼ ነው። የመጀመሪያው መርፌ ወጥቶ፣ መንገዱ እስከ መጨረሻው ተወርዶ፣ ቦታው ታሽጓል። ሁለተኛው ሊወጣ ሲል የጋሽ ኤርጫፎ ስልክ ጮኸ። ጎረቤት ሰው ሞቷል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ገመዱን የሚያውቀው እሳቸው ናቸው። ዮርዳኖስ መርፌውን አወጣች፣ ሻሺቱ ጣቶቿን አሳረፈች። ጥግ ያለው በሽተኛ ዓይኑ ሲገለበጥ ዮርዳኖስ ወደዚያ ሮጠች።

«እንሰቱ» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ። «ቀርከሃው።» ሲቸኩሉ ያስታውቃል። «ሁለቱ ሐይቆች። ሲቀላ። ደርሰናል፣ ልቀቂ።»

ሻሺቱ አልለቀቀችም። ወንዙስ? ጫኖስ? ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን አማትን ተሳስተዋል አይባልም፤ አማት ደርሰናል ካለ ተደርሷል። እውነቱን ለመናገር ለዚህም ብቻ አልነበረም። እሷም ቸኩላለች። ገበያው ሳይበተን ሽንኩርት መግዛት ፈልጋ ነበር። አርብ ዕለት ከመጋረጃው ወዲያ ሲከተፍ የነበረው ሽንኩርት ያው ነው።

ጣቶቿን አነሳች። ጎዙ ነጭ ነበር። ፕላስተሩን ለጠፈችበት። ጋሽ ኤርጫፎ እጅጌያቸውን አውርደው ቡልኳቸውን ደረቡ። በሩ ላይ ዘበኛው «ነርሷ አየችዎት?» ሲላቸው «አይታኛለች፣ አይታኛለች» አሉ። ሻሺቱ ከኋላቸው ነበረች። ዝም አለች።

ከዚያ የሆነውን የነገሯት ሰዎች ናቸው። ገመዱን በግራ እጃቸው ሲወጥሩ ያያቸው አለ። ቡልኳቸውን ተከናንበው ጥግ ሲቀመጡ ያያቸው አለ። ንፍሮ ሲሰጣቸው «ይቆየኝ» ብለዋል። በሰው ለቅሶ ላይ የራስን ሕመም ማንሳት ነውር ነው፤ ጋሽ ኤርጫፎ ደግሞ በእድር ነገር ቀልድ አያውቁም። ቄሱ ለጸሎት ሲነሱ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ እሳቸው ቀሩ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ምግቡ ተበላ። አቶ ደግፌ ተነስተው ለመጣው ሰው ምስጋና አቀረቡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገ ጠዋት ሆስፒታሉ እንሄዳለን። እድሩ የአባሉን ደም ዝም ብሎ አያይም። ምስክሯ እዚሁ አለች። ነይ ልጄ፣ ፈርሚ።»

ጌታነህ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዞ መጣ። ሻሺቱ ትሪውን መሬት አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፣ አንድ ብርጭቆ እንኳን አልተንኳኳም።

«ነርሷ አላየቻቸውም» አለች።

«ምን?»

«ዋሽቻለሁ። ነርሷ ሌላ በሽተኛ ይዛ ነበር። የያዝኳቸው እኔ ነኝ፣ የለቀቅኳቸውም እኔ ነኝ። ጊዜው አልደረሰም ነበር። አውቄ ነው የለቀቅኩት።»

ድምፅዋ የገበያ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች። ጌታነህ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

«አውቄ ማለት ምን ማለት ነው?»

ነገረችው። መንገዱን፣ አቆጣጠሩን፣ ሁሉንም። «ወንዙን ዘለሉት። ጫኖንም ዘለሉት። እንደዘለሉ አውቃለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው። ‹አባባ፣ ወንዙ ቀርቷል› ማለት አቃተኝ። ሽንኩርትም ልገዛ ነበር።»

«ሽንኩርት» አለ ጌታነህ።

ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው። ለአራት አጠፈው። ከዚያ በላይ እምቢ እስኪለው ድረስ አጠፈውና ኪሱ ከቶ ከድንኳኑ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። ሻሺቱ ጀርባውን አየች፤ ይመለስ አይመለስ አታውቅም። ልትፈራ ይገባ ነበር። ፍርሃቱም ገና መንገድ ላይ ነው።

አቶ ደግፌ ቆመው ቀርተዋል። ቁጭ አሉና ድንኳኑ ሲሰማ አርብ ዕለት ያሉትን ያስታወሱ ይመስል፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። «ነገ መሄዱ አይቀርም። ሄደን የነርሷን ስም እናነጻለን። ቀድሜ ያወራሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እናገራለሁ።»

ከሻሺቱ አጠገብ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ቦታ ቀየሩ። በዙሪያዋ የቀረው ባዶ ወንበር ነው።

«ና እዚህ» አሉ እማማ ወለቴ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠች። ጥፊ ነበር የጠበቀችው፤ ጥፊ ቢመጣ ደስ ባላት።

«የቱ ወንዝ ነው?» አሉ እማማ ወለቴ።

«ስሙን አይጠሩትም ነበር። እህቴ የሸኘችኝ ወንዝ ነው የሚሉት።»

እማማ ወለቴ የግራ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ክንዳቸውን የሻሺቱ ጉልበት ላይ አጋደሙት። ቀጭን ነው፣ የወንድማቸው ክንድ ዓይነት፤ ጠባሳ ግን የለውም።

«ያዝ» አሉ። «እሱን እንደያዝከው ያዝ። የዘለለውን ንገረኝ።»

ሻሺቱ ሁለት ጣቶቿን አሳረፈች። ንዝረት የለም። የአሮጊት ትርታ ብቻ ነው፣ ቀጭን፣ የሚዘገይ። የት እንደምትጀምር አወቀች፣ ከእጥፋቱ። እሳቸው እንደሚሉት አድርጋ ጀመረች፣ ቃል ሳትለውጥ።

«ሁለቱ ሐይቆች። አባያ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ። ከዚያ ወንዙ። እህቴ አሥር ዓመቷ ነው። እናቴ ሳታይ ተከትላኝ መጥታለች። በእንሰት ቅጠል ቆሎ ጠቅልላ ይዛለች። ውሃው ጋ ስንደርስ ከዚህ አላልፍም አለች። ስትሻገር ዞረህ እንዳታይ፣ ዞረህ ካየህ አለቅሳለሁ አለችኝ። ተሻገርኩ።»

«ተሻገረ» አሉ እማማ ወለቴ።

«ዞሬ አየሁ። ድንጋዩ ላይ ቆማለች። አታለቅስም። ዳገቱን ስጨርስም ዞሬ አየሁ፣ አሁንም አታለቅስም።»

«አልቅሻለሁ» አሉ እማማ ወለቴ። «እሱ ከዓይኔ ሲጠፋ። እስከ ቤት ድረስ።» ክንዳቸውን አላነቃነቁም። «አላየም፣ አይደል? አላወቀም።»

«አላወቁም።»

«በል፣ ቀጥል።»

ድንኳኑን ሊነቅሉ የመጡት ሰዎች ውጭ ገመዱን ይዘው ቆመዋል። ሰልስት ሲያልቅ ድንኳን ይነሳል፣ የእድሩ ደንብ ነው። አቶ ደግፌ በእጃቸው ቆዩ አሏቸው።

«ከዚያ ጫኖ» አለች ሻሺቱ። «የዚያን ጊዜ ሙዝ የለም፣ ማንጎ የለም፣ ቁጥቋጦና ወባ ነው። ቆሎው እዚያ አለቀ። ቅጠሉን ግን አልጣልኩትም፣ ኪሴ ከተትኩት። ከጫኖ ቀጥ ብሎ ነው። አቧራ ነው። ፀሐይ ነው። ከዚያ...»

እማማ ወለቴ ይጠብቃሉ። ከጣቶቿ ስር ትርታው ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል።

«ከዚያ ሲቀላ» አለች። «ደርሰናል።»

እማማ ወለቴ ክንዳቸውን አልሳቡም። ሻሺቱም ጣቶቿን አላነሳችም።